ሶፍትዌር የሚጽፈው «ኢንፎ»፣ «ዋርኒንግ»፣ «ኤረር» ምን ማለት ነው?

«ሲስተም የለም።» ይህችን ያልሰማ ሰው ደሴም ኮምቦልቻም አይገኝም። ባንክ ተሰልፈን እንሰማታለን። ቢል ልንከፍል ሄደን እንሰማታለን። ከመስኮቱ ጀርባ ያለው ሰው ይላታል፤ እኛም ነገ እንመጣለን ብለን እንመለሳለን።

ከዚያ በኋላ ያለውን ግን አናይም። አንድ ባለሙያ ኮምፒውተር ከፍቶ ምን እንደሆነ መፈለግ ይጀምራል። መጀመሪያ የሚከፍተውም ሎግ የሚባለውን ነገር ነው። ሰልፈኛው በግማሽ ሰዓት ይስተናገድ ወይስ ነገ ይመለስ የሚለው፣ ብዙ ጊዜ በዚያ ሎግ አጻጻፍ ላይ ይንጠለጠላል።

እዚህ የማወራው እያንዳንዱ የሎግ መስመር ላይ ስለምትቀመጥ አንዲት ቃል ነው። ዲበግ፣ ኢንፎ፣ ዋርኒንግ፣ ኤረር ወይም ክሪቲካል ልትሆን ትችላለች። የክብደት ደረጃ ትባላለች። ፕሮግራም መጻፍ ስንማር ማንም በቅጡ አያስረዳንም። እጃችን ላይ የመጣውን እንጽፍና እናልፋለን። እኔም ለዓመታት እንዲህ አድርጌያለሁ፤ የደረሰብኝንም ወደ ታች እነግራችኋለሁ።

ሎግ ራሱ ምንድን ነው?

ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ የሠራ ሰው የፈረቃ መዝገብን ያውቃል። የሌሊቱ ፈረቃ ሲወጣ ለጠዋቱ ጽፎለት ይሄዳል። «ማሽን 4 ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ቆሞ ነበር፤ ቀበቶው ተቀይሮ ተነሥቷል።» የጠዋቱ ሰው ሌሊቱን እዚያ አልነበረም። የሚያውቀው መዝገቡ የነገረውን ብቻ ነው።

ሎግም ሶፍትዌሩ ስለ ራሱ የሚጽፈው የፈረቃ መዝገብ ነው። ማንም ባላየበት ሰዓት ምን እንደሠራ፣ ምን እንዳቃተው፣ ምን እንዳጠራጠረው ይጽፋል። አንድ መስመር ቢያንስ ሦስት ነገር ይይዛል፦ ሰዓቱን፣ ደረጃውንና የሆነውን ነገር። እንዲህ፦

06፡14፡07 — ኢንፎ — ሽያጭ ቁጥር 5512 ተመዘገበ

ቃሉ የመጣው ከመርከበኞች ነው። በእንግሊዝኛ ሎግ ማለት ግንድ ነው። ድሮ መርከበኞች ፍጥነታቸውን ለመለካት ቋጠሮ ያለው ገመድ የታሰረበት እንጨት ባሕር ላይ ይጥሉ ነበር። ልኩን የሚጽፉበት መዝገብ በእንጨቱ ስም ተጠራ፤ ስሙ እስከ ዛሬ ቀረ።

ታዲያ ደረጃ ለምን አስፈለገ?

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚኒባስ ስትወርዱ ሐረጎ ላይ ያለውን ቁልቁለት አስቡት። ሁለቱ ከተሞች በከፍታ 600 ሜትር ያህል ይለያያሉ፤ መንገዱ እየተጠማዘዘ ነው የሚወርደው። ሾፌሩ ዓይኑ መንገዱ ላይ ነው። ከኋላ ያለውን የሚነግረው ረዳቱ ነው።

ረዳቱ ብዙ ነገር ያያል። ሳንቲም ይቆጥራል፤ ይህን ለራሱ ነው የሚያጉተመትመው። «ወራጅ አለ» ይላል፤ የተለመደ ሥራ ነው። «የኋላው ጎማ ትንሽ ሳይጎድል አልቀረም» ይላል፤ ሾፌሩ ኮምቦልቻ ሲደርስ ያየዋል። «በሩ አልዘጋ አለ» ይላል፤ ቆም ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ «ፍሬን ሸተተ፣ ጭስ አለ!» ነው። ያኔ ሌላው ወሬ ሁሉ ይቆማል፤ መኪናው አሁኑኑ ዳር መያዝ አለበት።

አምስቱ ደረጃዎች እነዚህ ናቸው። ጉርምርምታው ዲበግ ነው። ወራጁ ኢንፎ፣ ጎማው ዋርኒንግ፣ በሩ ኤረር፣ ፍሬኑ ክሪቲካል።

አሁን ደግሞ ረዳቱ ሁሉንም በአንድ ድምፅ የሚጮህ ቢሆንስ? ሳንቲሙንም፣ ወራጁንም፣ ጎማውንም፣ ፍሬኑንም እኩል ጮክ ብሎ ቢናገር? ሾፌሩ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ መስማት ያቆማል። ጆሮው ደህና ነው፤ ግን አእምሮው ይዘጋዋል። ፍሬኑ ሲሸት የሚጮኸውም ከሌላው ጩኸት ጋር አብሮ ያልፋል።

ስማቸውን ማን አወጣው?

ደረጃ የመስጠቱን ነገር በሰፊው ካስለመዱት አንዱ ሲስሎግ የሚባለው ሥርዓት ነው። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ኤሪክ ኦልማን የተባለ ባለሙያ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ሴንድሜይል ለተባለው የኢሜይል ሶፍትዌር የሠራው ነው። በኋላ ሌሎችም ወሰዱት። እ.ኤ.አ. በ2009 አርኤፍሲ 5424 በሚባል ሰነድ ደረጃውን የጠበቀ መልክ ያዘ። ሲስሎግ ከ0 እስከ 7 ስምንት ደረጃዎች አሉት። 0 ከሁሉ የከፋው ነው፤ ሥርዓቱ በሙሉ ከጥቅም ውጭ ሆኗል ማለት ነው። 7 ዲበግ ነው።

ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ደግሞ አቆጣጠሩ ይገለበጣል። ዲበግ 10፣ ኢንፎ 20፣ ዋርኒንግ 30፣ ኤረር 40፣ ክሪቲካል 50 ነው። እዚህ ቁጥሩ ባደገ ቁጥር ነገሩ ይከፋል። ሁለቱን አንድ ላይ የሚያገናኝ ሰው ይህን ካላወቀ ይሳሳታል። ጃቫ በሚባለው ሌላ ቋንቋ የሚጽፉ ሰዎች ደግሞ ከዲበግ በታች ትሬስ፣ ከኤረር በላይ ፋታል የሚሉ ደረጃዎች ያሉባቸውን መሣሪያዎች ይጠቀማሉ። ስሙ ይለያይ እንጂ ሐሳቡ አንድ ነው።

«ሌቭሉን ዋርኒንግ ላይ አድርገው» ሲባል ምን ማለት ነው?

ሌቭል ያው ደረጃ ነው፤ እዚህ ላይ ግን ወንፊት ማለት ነው። ሶፍትዌሩ የሚናገረው ሁሉ ወንፊቱ ላይ ይፈስሳል። ወንፊቱ ዋርኒንግ ላይ ከሆነ ዲበግና ኢንፎ ደቃቅ ናቸውና ሾልከው ይወድቃሉ። ዋርኒንግ፣ ኤረርና ክሪቲካል ላዩ ላይ ይቀራሉ፤ የሚጻፉትም እነሱ ናቸው።

የዚህ ጥቅሙ ኮዱን ሳይነኩ ወንፊቱን መቀየር መቻሉ ነው። በሰላም ቀን ኢንፎ ላይ ታደርጉታላችሁ። የማይገባ ነገር ሲገጥማችሁ ወደ ዲበግ ዝቅ አድርጋችሁ ዝርዝሩን ታያላችሁ። ስትጨርሱ ትመልሱታላችሁ። መመለሱን እንዳትረሱ፤ የኔ ችግር ከዚያ ነው የጀመረው።

ፓይተን የምትማሩ ልጆች ብዙ ጊዜ «ኢንፎ ጻፍኩ፣ ምንም አልታየኝም» ትላላችሁ። ኮዳችሁ አልተበላሸም። ፓይተን ሌላ ካልተባለ በቀር ወንፊቱን ዋርኒንግ ላይ ነው የሚያደርገው። 20 ከ30 ስለሚያንስ ወደቀ፤ ይኸው ነው።

ዋርኒንግ እና ኤረር ላይ ለምን እንምታታለን?

ዋናው ነገር እዚህ ነው። ዲበግ ብዙ አያስቸግርም። ክሪቲካልም ሲመጣ ይታወቃል። መካከሉ ላይ ያሉት ናቸው የሚያምታቱት።

ብዙዎቻችን ደረጃ የምንመርጠው በስሜት ነው። ኮዱን ስንጽፍ የሆነ ነገር እንዳልጠበቅነው ሲሄድ ደንገጥ እንላለን፤ እና ኤረር ብለን እንጽፋለን። ግን መስመሩን የሚያነበው ሌላ ሰው ነው፣ በሌላ ቀን፣ ምናልባት ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ። እሱ የእኛን ድንጋጤ ማወቅ አያስፈልገውም። እሱ ማወቅ የሚፈልገው «አሁን ልነሣ ወይስ ጠዋት ልየው ወይስ ጭራሽ ልተወው?» የሚለውን ነው።

ስለዚህ እኔ አሁን ደረጃ ስመርጥ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ ይህን አይቶ ማን፣ መቼ ይነሣ? ማንም መነሣት ከሌለበት ኢንፎ ወይም ዲበግ ነው። አንድ ሰው በዚህ ሳምንት ቢያየው ጥሩ ከሆነ ዋርኒንግ ነው። አንድ የተጠየቀ ሥራ ሳይሠራ ከቀረና ሰው ዛሬ ማስተካከል ካለበት ኤረር ነው። አሁኑኑ ካልተነሣን መጋዘኑ ሥራ የሚያቆም ከሆነ ክሪቲካል ነው።

በአንድ ሽያጭ እንየው። ኮምቦልቻ መጋዘን ውስጥ አንድ ደንበኛ 20 ቆርቆሮ ገዛ እንበል። ገንዘብ ያዡ ሽያጩን አስገባ፣ ተመዘገበ። ኢንፎ። ሶፍትዌሩ ዋጋውን ሲያሰላ በየደረጃው ያገኛቸው ቁጥሮች ዲበግ ናቸው።

ቆርቆሮው 15 ብቻ ነው የቀረው ብሎ ሽያጩን ቢከለክልስ? ብዙ ሰው ኤረር ይላል። እኔ ኢንፎ ነው እላለሁ። ሶፍትዌሩ የታዘዘውን በትክክል ሠራ፤ የሌለ ዕቃ አልሸጥም አለ። ገንዘብ ያዡ የይለፍ ቃሉን ሲሳሳትም እንዲሁ ነው። ሰው ይሳሳታል፤ ሶፍትዌሩ ግን አልተበላሸም። በድረ ገጽ ዓለምም ይህ ልዩነት በቁጥር ተቀምጧል፤ በ4 የሚጀምሩት፣ እንደ 404 ያሉት፣ የጠያቂው ስሕተት ናቸው፤ በ5 የሚጀምሩት፣ እንደ 500 ያሉት፣ የሰርቨሩ ማለትም ገጹን የሚልከው ኮምፒውተር ናቸው።

ነገር ግን ያው የይለፍ ቃል በአምስት ደቂቃ ውስጥ 200 ጊዜ ቢሳሳትስ? ይህ ገንዘብ ያዡ ላይሆን ይችላል። አሁን ዋርኒንግ ሆነ። ነጠላው ምንም ያልነበረ ነገር ሲደጋገም ሌላ ትርጉም ያገኛል።

የክፍያ ማረጋገጫውን ደግሞ እንይ። ኔትወርክ ይቆራረጣል፤ እኛ አገር ይህ ዜና አይደለም። ሶፍትዌሩ አንዴ ሞከረ፣ አልሄደም። ሁለተኛ ሞከረ፣ አልሄደም። በሦስተኛው ሄደለት። ደንበኛው ምንም አላወቀም፣ ቆርቆሮውን ጭኖ ሄደ። ይህ ዋርኒንግ ነው፤ ሥራው ተሠርቷል፣ ግን እየተንገዳገደ ነው። በሦስተኛውም እምቢ ብሎ ሶፍትዌሩ ተስፋ ከቆረጠ ግን ኤረር ነው። አሁን ገንዘቡ ገብቶ ይሁን አልገባ የማይታወቅ አንድ ሽያጭ አለ፤ ሰው ማጣራት አለበት። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሙከራዎች ኤረር ብሎ የጻፈ ሰው ኔትወርክ በተቆራረጠ ቀን ሎጉን በሙሉ በኤረር ይሞላዋል፤ ከውስጡ የትኛው ደንበኛ እንደቀረ መፈለግ ደግሞ ሌላ ሥራ ነው።

ዳታቤዙ፣ ማለትም ሽያጩ ሁሉ የሚቀመጥበት ቋት፣ ራሱ መጻፍ ሲያቅተው ነገሩ ሌላ ነው። ያኔ የአንድ ደንበኛ ጉዳይ መሆኑ ይቀራል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሁሉ አይመዘገብም። ክሪቲካል።

እኔ ላይ የደረሰው

ኮምቦልቻ ላለ አንድ የጅምላ መጋዘን የዕቃ መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር ጽፌ ነበር። አንድ ቀን የማይገባኝ ነገር ለመከታተል ዲበግን ከፈትኩ። አገኘሁት፣ አስተካከልኩት፣ ወደ ደሴ ተመለስኩ። ዲበጉን አልዘጋሁትም።

ሶፍትዌሩ ዳታቤዙን የጠየቀውን ጥያቄ ሁሉ መጻፍ ቀጠለ። ዲስኩ ቀስ እያለ ሞላ። እውነቱን ለመናገር ሶፍትዌሩ ነግሮኝ ነበር። የዲስክ ቦታ እያለቀ ነው የሚል ዋርኒንግ ሎጉ ላይ ተጽፎ አገኘሁት፤ ያውም ደጋግሞ። ግን ከላይም ከታችም በኤረር ተከብቦ ነበር። የይለፍ ቃል ስሕተት ኤረር። ዕቃ አለቀ ኤረር። ኔትወርክ ለአንድ አፍታ ጠፋ ኤረር። ሁሉንም እንዲያ ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ኤረር ሲኖር በቴሌግራም ስልኬ ላይ እንዲደርሰኝም አድርጌ ነበር። በቀን ስንቴ ይጮሃል? ሲሰለቸኝ ድምፁን ዘጋሁት።

አንድ ጠዋት ባለቤቱ ደወሉ። «ልጄ፣ መኪና ተሰልፏል፣ ይሄ ነገር እምቢ ብሏል።» ከደሴ ሆኜ ልገባበት ሞከርኩ፣ አልሆነም። ሚኒባስ ይዤ ወረድኩ። ማስተካከሉ ጥቂት ደቂቃ ነው የፈጀው፤ የቆዩትን የሎግ ፋይሎች አጥፍቶ ዳታቤዙን ማስነሣት ነበር። መፈለጉ ግን ጠዋቱን በሙሉ በላው። ባለቤቱ «አብሽር፣ ያጋጥማል» አሉኝ። ግን የመጋዘኑ ገንዘብ ያዥ ጠዋት በወረቀት የተሸጠውን ሁሉ አንድ በአንድ ስታስገባ እስከ ማታ ቆይታለች። ያ ዛሬም ይከብደኛል። ያን ዋርኒንግ አንድ ሰው ቀደም ብሎ ቢያየው ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር።

ከዚያ በኋላ ያደረግኩት ቀላል ነው። ኤረር የሚሉትን መስመሮች አንድ በአንድ እያነበብኩ «ማን መቼ ይነሣ?» ብዬ ጠየቅኩ። አብዛኞቹ ወደ ኢንፎ ወረዱ። ስልኬ ላይ የሚደርሱኝ ኤረርና ክሪቲካል ብቻ ሆኑ፤ ዋርኒንጎቹን ሰብስቤ በየጠዋቱ አያቸዋለሁ። ዲስክ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው የሚጻፈውን ወደ ኤረር ከፍ አደረግኩት፤ ምክንያቱም ያን ዕለት ሰው መነሣት አለበት። ሎጉ ራሱ መጠኑ ሲያድግ የቆየው እየተጠቀለለ እንዲጠፋም አደረግኩ።

አንድ ሌላ ነገርም አገኘሁ። አንዱ ጥፋት አራት ጊዜ ይጻፍ ነበር። የታችኛው የኮድ ክፍል ኤረር ብሎ ይጽፍና ችግሩን ወደ ላይ ያሳልፈዋል፤ የላይኛውም ይጽፍና ያሳልፈዋል። አንብቦ ለሚፈልግ ሰው አራት ችግር ይመስላል። አሁን የሚጽፈው ችግሩን የሚፈታው ወይም ተስፋ የሚቆርጠው ክፍል ብቻ ነው።

ሎግ ላይ መጻፍ የሌለበትስ?

የይለፍ ቃል፣ ፒን፣ የካርድ ቁጥር። በየትኛውም ደረጃ፣ ዲበግም ቢሆን። «ዲበግ እኮ ነው፣ ማንም አያየውም» የሚለው ሐሳብ ትልልቆቹንም አሳስቷል። ትዊተር እ.ኤ.አ. በግንቦት 2018 የይለፍ ቃሎች በውስጥ ሎጉ ላይ እንዳሉ፣ ሳይመሰጠሩ፣ ተጽፈው እንደተገኙ ተናግሮ ነበር። ከ330 ሚሊዮን በላይ ተጠቃሚዎቹ የይለፍ ቃላቸውን እንዲቀይሩ መክሯል። በአገራችንም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። የደንበኛ ስልክና አድራሻ ሎግ ውስጥ ሲገባም የሰው መረጃ ነው። የሽያጭ ቁጥሩን ብቻ ጻፉ፤ ቀሪውን ዳታቤዙ ያውቀዋል።

ፕሮግራመር ካልሆንኩ ይህ ለእኔ ምን ያደርግልኛል?

ለሱቅህ፣ ለመድኃኒት ቤትሽ፣ ለመጋዘናችሁ ሶፍትዌር የምታሠሩ ከሆነ ሠሪውን ጠይቁት። ችግር ሲኖር መልእክቱ ለማን ይደርሳል? በቀን ስንት ጊዜ? «ብዙ ጊዜ ይደርሰኛል፣ አላየውም» ብሎ ከመለሰላችሁ ምን እንደሚመጣ ከላይ አይታችኋል።

ስክሪን ላይ ዋርኒንግ የሚል ቢጫ ነገር ስታዩም አትደንግጡ፤ ሥራው ቀጥሏል። ግን ፎቶ አንሡት። ቢጫው ሳምንት ሙሉ ከቆየ ለባለሙያው ላኩለት።

ስትደውሉ ደግሞ ሰዓቱን ንገሩ። ይህ የሚመስለውን ያህል ቀላል አይደለም። ብዙ ሰርቨሮች ሎጋቸውን የሚጽፉት ዩቲሲ በሚባለው ዓለም አቀፍ ሰዓት ነው፤ እኛ ከእሱ በ3 ሰዓት እንቀድማለን። የእኛ አቆጣጠር ደግሞ ከፈረንጁ በ6 ሰዓት ይለያል። እናንተ «ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ነው» ስትሉ በፈረንጅ አቆጣጠር 9፡00 ነው፤ ሎጉ ላይ ግን 06፡00 ተብሎ ነው የሚገኘው። ይህን የዘነጋ ባለሙያ 03፡00 ላይ ሄዶ ምንም አያገኝም፤ «ከእኛ በኩል ችግር የለም» ብሎ ሊመልሳችሁም ይችላል። «ሐሙስ፣ ጠዋት 3 ሰዓት ከ10 አካባቢ፣ የሽያጩ ቁጥር ይህ ነው» ብሎ የሚደውል ደንበኛ ሲኖረኝ 06፡10 ላይ እሄዳለሁ። ወንፊቱን ኤረር ላይ አደርገዋለሁ። አንድ ወይም ሁለት መስመር ይቀራል፤ የሚፈለገውም ከእነሱ መካከል ይገኛል።